መልስ፦ ቲንትዊስል ቼሻየር ነው ደርቢሻየር?

«የድሮው ሰነድ የቲንትዊስል ገጠር ወረዳ፣ ቼሻየር ይላል፤ ካርታው ደግሞ ደርቢሻየር። የቱ ነው የተሳሳተው?» ላልከው፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ቲንትዊስል የእንግሊዝ መንደር ናት፤ ቼሻየርና ደርቢሻየር ደግሞ ካውንቲ የሚባሉ የእንግሊዝ ክፍለ ሀገራት ናቸው።

የእንግሊዝ ገጠር ወረዳዎች የመጡት እ.ኤ.አ. በ1894 በወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ነው። ከዚያ በፊት ይህ አካባቢ ከአሽተን አንደር ላይን ከተማ ጋር ነበር። አሽተን ግን ያኔ ላንክሻየር በሚባለው ሌላ ካውንቲ ውስጥ ነበረች። ስለዚህ የቼሻየሩ ወገን ተቆርጦ ራሱን የቻለ ወረዳ ሆነ።

ቦታው በድሮው ካርታ ላይ ያስቃል። ቼሻየር ወደ ምሥራቅ ቀጭን ጣት ቀስራ ፔናይን ተራሮች ውስጥ የከተተች ይመስላል። ጣቱ ሎንግደንዴል የሚባለው ሸለቆ ነው። ሰው ጥቂት፣ ውሃ ብዙ! የማንቸስተር ከተማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መሐንዲሱን ጆን ፍሬደሪክ ቤትማንን ይዛ ኤተሮው ወንዝ ላይ ግድቦች በተከታታይ ያሠራችው እዚሁ ነው።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 1974 ገጠር ወረዳዎች በሙሉ ቀሩ። የጣቱ ሥር፣ እነ ሃይድና ስቴሊብሪጅ፣ ታላቋ ማንቸስተር በሚባለው አዲስ ካውንቲ ውስጥ ገቡ። ቲንትዊስል ግን ለደርቢሻየሩ ሃይ ፒክ ወረዳ ተሰጠች። እንግዲህ የሰነድህን ዓመት እይ፤ ከ1974 በፊት ከሆነ ቼሻየር ማለቱ ትክክል ነው።