«ቆርጠው አውጥተውት የለም እንዴ?»

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። ወንድሜ 29 ዓመቱ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ክሮንስ በሚባለው አንጀት የሚያቆስል በሽታ ምክንያት ኦፕራሲዮን ተደርጎ የትንሹ አንጀቱ መጨረሻ ተቆርጦ ወጣለት። ከዚያ በኋላ ወፈረ፣ በደንብ መብላት ጀመረ፣ «ድኛለሁ» ብሎም መድኃኒቱን ተወው። አሁን ያ ቁርጠት መጣበት። በኮሎኖስኮፒ (በፊንጢጣ በሚገባ ካሜራ) አይተው «በሽታው ተመልሷል» አሉን። የታመመውን ካወጡት ከየት ተመለሰ? ሐኪሙ አስቀርቶበት ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ሐኪሙን መጠርጠሩን ተይው። ክሮንስ እንደ ትርፍ አንጀት ቆርጠው ጥለውት የሚገላገሉት ነገር አይደለም። አንጀቱን የሚያቆስለው የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ነው፣ እሱ ደግሞ በቢላ አይወጣም። የሚቆረጠው የጠበበው ወይም የተበሳው ቦታ ብቻ ነው። ጤነኛውን ጨምሮ በሰፊው መቁረጥም ተሞክሮ ነበር፤ መመለሱን አላስቀረውም።

የሚገርመኝ የሚመለስበት ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ ትንሹ አንጀት ከትልቁ ጋር ከተሰፋበት ከፍ ብሎ፣ ልክ እዚያው አፉ ላይ! ቤልጅየም ያሉ ሐኪሞች በ1991 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ፤ አምስት ሕመምተኞች ላይ አንጀቱን ከሰፉ በኋላ ሰገራው ስፌቱ ጋ ሳይደርስ በሆዳቸው በኩል እንዲወጣ አደረጉ። ለስድስት ወር ቁስል የለም። መንገዱን መልሰው ሲያገናኙት ግን በሌላ ስድስት ወር ውስጥ አምስቱም ላይ ቁስሉ መጣ። መከላከያውን የሚያስቆጣው በሰገራው ውስጥ የሚያልፈው ነገር፣ በተለይም ባክቴሪያው፣ ነው ማለት ነው።

«ድኛለሁ» ያለው ነገር ግን ብዙዎችን ሸውዷል። ቁስሉ ከሕመሙ ቀድሞ ነው የሚመጣው። መድኃኒት የማይወስዱ አብዛኞቹ ላይ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ በኮሎኖስኮፒ ይታያል፣ ሰውየው ግን ገና ጥሬ ሥጋ እያማረጠ ነው። ከኦፕራሲዮን በኋላ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ፣ ባያምም እንኳ፣ ኮሎኖስኮፒ የሚታዘዘው ለዚህ ነው።

እስቲ ልጠይቅሽ፣ ያጨሳል? ሲጋራ የመመለስ ዕድሉን በእጥፍ ገደማ ይጨምረዋል። ለቁርጠቱ ብሎ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ እየገዛ የሚውጥ ከሆነም ያቁም።

ተመለሰ ማለት ነገ ድጋሚ ይቀደዳል ማለት አይደለም፤ መጀመሪያ መድኃኒት ይሞከራል። እንደ ኢንፍሊክሲማብ ያለ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መርፌ ከታዘዘለት ግን ከመጀመሩ በፊት የቲቢ ምርመራ ያስፈልገዋል፣ ተኝቶ የቆየ ቲቢ ሊቀሰቅስ ይችላልና። የቫይታሚን ቢ12 መጠኑንም ያሳይ፤ የሚመጠጠው እዚያው በተቆረጠው የአንጀት ክፍል ነበር።