የቤዝ ድራሙ ምት ከጊታሮቹ ሥር ለምን ይቀበራል?

ጠያቂዬ፣ ለሄቪ ሜታል አልበም በቀረጻችሁት ሥራ ውስጥ ድራመራችሁ ቤዝ ድራሙን፣ ማለትም በእግር የሚመታውን ትልቁን ከበሮ፣ በሁለት ፔዳል በፍጥነት ሲመታ ምቶቹ ተዋህደው እንደ ጉርምርምታ እንደሚሰሙ፣ ድምፁን ከፍ ሲያደርጉትም እንደሚብስበት ጽፈውልኛል። ጉዳዩ የድምፁ ማነስ ሳይሆን መርዘሙ ይመስለኛል። በደቂቃ 200 ምት በሚሄድ ሙዚቃ እያንዳንዱ ምት ለአራት ሲከፈል፣ በአንዱ ርግጫና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ 75 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ የ50 ሄርትዝ ድምፅ አንድ ዙር ንዝረቱን ለመጨረስ 20 ሚሊሰከንድ ስለሚፈጅበት፣ አራት ዙር ሳይሞላ ሌላ ምት ይደርስበታል።

እንደገና መቅረጽ ከቻላችሁ ከከበሮው ጀምሩ። የሚመታውን ቆዳ በመጠኑ እንዲነካ ትራስ ወይም ብርድ ልብስ ከውስጥ አስገቡ፤ በዚህ ሥራ ከውድ ማይክሮፎን ይልቅ ብርድ ልብስ ሲጠቅም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የፔዳሉ መምቻ ለስላሳ ከሆነ በእንጨት ወይም በጠንካራ ፕላስቲክ ለውጡት፤ ማይክሮፎኑንም ከበሮው ውስጥ አስገብታችሁ መምቻው ከሚያርፍበት ቦታ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ አነጣጥሩት።

የተቀረጸውን ማዳን ግድ ከሆነ፣ ጌት የተባለውን፣ ድምፁ ከተወሰነ መጠን ሲያንስ የሚዘጋውን መሣሪያ ተጠቅማችሁ የምቱን ጭራ ከሚቀጥለው ምት በፊት ቁረጡት። ከዚያም በኢኩላይዘር (የድምፁን ወፍራምና ቀጭን ክፍሎች ለየብቻ ከፍና ዝቅ በሚያደርገው መሣሪያ) 300 እና 400 ሄርትዝ አካባቢ ያለውን የካርቶን ዓይነት ድምፅ ቀንሱ፤ ጆሮ ምቱን ከጊታሮቹ መካከል የሚለየው ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሄርትዝ ባለው የመምቻው ቅጭታ ስለሆነ እሱን ከፍ አድርጉ። ከጊታሮቹም ከ80 ሄርትዝ በታች ያለውን ብታነሱ ብዙም የሚጎድል ነገር አይኖርም።

ከሲምባሎቹ በላይ የተሰቀሉት ማይክሮፎኖችም የቤዝ ድራሙን ድምፅ ይቀበላሉ፤ ድምፅ አንድ ሜትር ለመጓዝ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ስለሚወስድበት ሁለቱ ቅጂዎች እርስ በርስ ሊጠፋፉ ይችላሉ። የቤዝ ድራሙን ፖላሪቲ (የድምፅ ሞገዱን ላይና ታች) ገልብጣችሁ የተገለበጠውንም ያልተገለበጠውንም አድምጡና ወፈር ያለውን ያዙ።

በብዙ የሄቪ ሙዚቃ አልበሞች ላይ እንደሚደረገው ሳምፕል (አስቀድሞ ለብቻው የተቀረጸ የከበሮ ምት) ብትጨምሩም ነውር የለውም፤ ሆኖም በጥንካሬ የሚለያዩ በርካታ ምቶችን ካልተጠቀማችሁ የታይፕራይተር ድምፅ ይመስላል። የሳምፕሉ መነሻ ከእውነተኛው ምት መነሻ ጋር መግጠሙን በስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ ካረጋገጣችሁ በኋላ፣ ከቀጥታው ቅጂ ሥር ዝቅ አድርጋችሁ ቀላቅሉት።