ተዳፋት መሬት ላይ የመኪና ማቆሚያ ስንት ያስወጣል?

ሐረር ውስጥ ከሐኪም ጋራ ግርጌ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው አንድ አንባቢ እንዲህ ጠይቀዋል፦ «ለ10 መኪና ማቆሚያ ላሠራ ነው። ቦታው በ16 ሜትር ውስጥ 1.60 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። ሥራ ተቋራጩ ሞልቼ ሜዳ አደርገዋለሁ፣ ኮብልስቶንም አነጥፋለሁ ብሎ በካሬ ሜትር አንድ ዋጋ ቆረጠልኝ። ያዋጣኛል?»

በካሬ ሜትር መቆረጡ ራሱ አልተዋጠልኝም። በካሬ የሚለካው ኮብልስቶኑ ነው፤ ሙሌትና ድጋፍ ግንብ በሜትር ኩብ ይለካሉ። ተዳፋት ላይ ደግሞ ገንዘቡን የሚበሉት እነሱ ናቸው።

ለአንድ መኪና 2.5 በ5 ሜትር፣ መሐል ለመዞሪያ 6 ሜትር ይያዙ። አምስት በአምስት ፊት ለፊት ሲቆሙ 12.5 በ16፣ ማለትም 200 ካሬ ሜትር ነው። ይህን በሙሌት ብቻ ሜዳ ለማድረግ 160 ሜትር ኩብ የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ፣ ማለትም ጠጠር ቀመስ የሙሌት አፈር፣ ይፈልጋል። ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ ግዢው 200 ይጠጋል፤ 16 ሜትር ኩብ ለሚጭን ሲኖትራክ 13 ምልልስ መሆኑ ነው።

ለመሆኑ ሜዳ ለምን አስፈለገ? ሜዳ ውሃ ያቁራል። 3 በመቶ ቁልቁለት ይተዉለት፤ ከ1.60 ላይ 48 ሴንቲ ሜትር ወዲያው ተቀነሰልዎ። የቀረውን 1.12 ለሁለት ይክፈሉ፤ ከላይ 56 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው በዚያው አፈር ከታች ይሙሉ። ቆረጣው 28 ሜትር ኩብ፣ ሙሌቱም ያንኑ ያህል ነው። አፈሩ ዋልካ፣ ማለትም ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር፣ ከሆነ ግን አይሙሉበት፤ ያስወጡትና ገረጋንቲ ይግዙ። በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ውሃ እየጠጣ ይጠቅጠቅ።

ትልቁ ልዩነት ግንቡ ላይ ነው። የድንጋይ ግንብ በረዘመ ቁጥር ግርጌው መስፋት አለበት፤ እኔ የከፍታውን ግማሽ እይዛለሁ። ስለዚህ ከፍታው እጥፍ ሲሆን ድንጋዩ ወደ አራት እጥፍ ይሄዳል። ባለ 1.60 ሜትሩ ግንብ ለታችኛው ጎን ብቻ፣ መሠረቱን ሳይጨምር፣ 12 ሜትር ኩብ ያህል ይፈጃል። የ56 ሴንቲ ሜትሩ 3 አይሞላም። ቆረጣውን የሚደግፍ አጭር ግንብ ከላይ ቢጨምሩም አሁንም ያተርፋሉ። ረጅሙን ከመረጡ ግን መሐንዲስ ሳይነድፈው እንዳይጀመር፤ ከኋላው መኪና ይቆማል።

ግንብ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ከኋላው በታቆረ ውሃ ነው። በየ2 ሜትሩ ማስተንፈሻ ቱቦ፣ ከጀርባው ጠጠር ይግባ። ከጋራው የሚወርደውንም ማቆሚያው ሳይደርስ በላይ በኩል ቦይ ይቀበለው። ይህ ርካሽ ሥራ ነው፤ ግን ከዋጋ ዝርዝር ውስጥ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው።

አንድ ነገር አልነገሩኝም፤ መንገዱ በየት በኩል ነው? በላይ ከሆነ 56 ሴንቲ ሜትር መቁረጥ መግቢያውን ገደል ያደርገዋል፤ በ10 በመቶ ለመውረድ 5.6 ሜትር መንደርደሪያ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ቆረጣውን ቀንሰው ሙሌቱንና ግንቡን ትንሽ ከፍ ያደርጋሉ።

በብር ስንት እንደሚሆን እዚህ አልጽፍም፤ የሲሚንቶ ዋጋ እስኪታተም አይጠብቀኝም። ተቋራጩን ቆረጣ፣ ሙሌት ከነመጠቅጠቁ፣ ግንብ፣ ፍሳሽና ንጣፍ ለየብቻ ዋጋ ያውጣ ይበሉት። ከንጣፉ ሥር 30 ሜትር ኩብ የተፈጨ ጠጠርና 10 ሜትር ኩብ አሸዋ መኖሩን ያረጋግጡ። ውሉ ላይም ክፍያው ሠርቶ ባስለካው መጠን እንደሚሆን ይጻፍ።