ቡና ከቡና ለምታደባልቁ ልጆች

ልጆቼ፣

ቤታችሁ ውስጥ የይርጋጨፌን ከሐረር፣ የሊሙን ከለቀምት እያገናኛችሁ መሞከራችሁ ደስ ያሰኛል። ብዙ ጀማሪ ግን ሁለት ዓይነት ጥሬ ቡና አንድ ምጣድ ላይ ገልብጦ ይቆላና ጣዕሙ ሲበላሽ በቡናው ያሳብባል። በዚያ መንገድ ምን እንዳበላሸው ማወቅ አይቻልም።

እያንዳንዱን ቡና መጀመሪያ ለብቻው ቅመሱት። የታጠበ፣ ማለትም ቀይ ልጣጩ ተፈልፍሎ በውኃ ጸድቶ የደረቀ ይርጋጨፌ አበባ አበባ ይሸታል፣ ሎሚነት አለው፣ አፍ ላይ ግን ቀላል ነው። ጀንፈሉ እንዳለ የደረቀው ሐረር የፍራፍሬና የወይን ጠጅ ቃና አለው፤ ከበድም ይላል። ቅይጥ የሚያምረው አንዱ የጎደለውን ሌላው ሲሞላው ነው። ከጥንታዊዎቹ ቅይጦች አንዱ የሆነው ሞካ ጃቫ የየመንን ቡና ቃና ከኢንዶኔዥያዋ የጃቫ ደሴት ቡና ውፍረት ጋር ያገናኘ ነው፤ በየመኑ ፈንታ ሐረር የሚገባበት ጊዜም አለ። ሁለት ጉልህ ቡናዎች እኩል ከገቡ ግን ይሻማሉ፣ አንዱም አይለይም።

አደራ የምላችሁ፣ ፍሬውን ከማደባለቃችሁ በፊት ፈልቶ የወጣውን ቡና በስኒ ደባልቁ። ለየብቻ ከተቆላው ከእያንዳንዱ 11 ግራም ሻካራ አድርጋችሁ ፍጩና በየስኒው 200 ሚሊ ሊትር ውኃ ጨምሩበት። የቀማሾች ደንብ ውኃው 93 ዲግሪ ገደማ ይሁን ይላል። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ እንደፈላ አፍስሱት፤ ቆላ ያላችሁ ግን ትንሽ አብርዱት። 4 ደቂቃ ሲሞላው ከላይ የተንሳፈፈውን በማንኪያ ሰብራችሁ አረፋውን ግፈፉ። ከዚያ ባዶ ስኒ ውስጥ ከአንዱ 3 ማንኪያ ከሌላው 1፣ ቀጥሎ 2 ለ2፣ ቀጥሎ 1 ለ3 እያደረጋችሁ ቅመሱ። ትኩስ እያለም፣ ለብ ሲልም፣ ሲቀዘቅዝም ቅመሱት፤ ትኩሳቱ የሸፈነው እንከን ሲቀዘቅዝ ይወጣል። ስኳሩ፣ ጨውና ጤና አዳሙ ለዚህ ሰዓት ይቆዩ። በ22 ግራም ቡና ሦስት ቅይጥ ሞከራችሁ ማለት ነው።

ልኩን ስታገኙ ወደ ፍሬው እለፉ፤ የምትመዝኑት ግን የተቆላውን ይሁን። ቡና ሲቆላ ከ12 እስከ 18 በመቶ ክብደቱን ያጣል፤ የጠቆረው የበለጠ ስለሚቀል በጥሬው የመዘናችሁት ልክ ይዛባል። የምትቆሉትም ለየብቻ ነው። የደጋው ፍሬ ጠጣር ስለሆነ ሙቀቱ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፣ ጀንፈሉ እንዳለ የደረቀው ቡና ደግሞ ቶሎ ይጠቁራል። አንድ ላይ ምጣድ ላይ ከዋሉ አንዱ ገና መንጣጣት ሲጀምር ሌላው አሯል።

የተቆላውን ሰፌድ ላይ ዘርግታችሁ አንድ በአንድ እዩት። የታጠበው ቡና ሆዱ ላይ ያለው ስንጥቅ ነጣ ያለ ክር ይመስላል፣ የደረቀው ግን ቡናማ ነው። በመካከል ጓደኞቹ ሁሉ ጠቁረው እሱ ገርጥቶ የቀረ ፍሬ ታገኛላችሁ። ጮርቃ ሳለ የተለቀመ ነው፤ ስኳር ስላልያዘ ብትቆሉትም እንደሌላው አይጠቁርም፣ ሲፈጭ ጭድ ጭድ ወይም ጥሬ ለውዝ ይላል። 11 ግራም ውስጥ ያለው ሰማንያ ገደማ ፍሬ ነውና ሁለት ገርጣታ ስኒውን ያበላሹታል። አንሱት። ደረቅ ቡና ውስጥ ይበዛል።

የምታወዳድሯቸው ቡናዎች በአንድ ቀን የተቆሉ ይሁኑ፤ አንድ ሁለት ቀን ይረፉም። የዛሬው ከሳምንት በፊቱ ጋር ከገባ ልዩነቱ የልኩ ይሁን የዕድሜው አይታወቅም።

የመጨረሻው ፈተና ጀበና ነው። ሲንተከተክ የአበባው ሽታ በእንፋሎት ስለሚሄድ በስኒ ያማረው ቅይጥ ጀበና ላይ ሊከዳችሁ ይችላል። ያኔ ወፍራሙን ቡና በ10 በመቶ ብቻ ከፍ አድርጋችሁ እንደገና አፍሉ። ሌላ ነገር አትንኩ፤ አፈጫጨቱም የውኃው መጠንም እንደነበረ ይቆይ።