ያጨበጨቡላት ለዳንሷ ነው ለድምጿ?

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽ ደስ ስላለኝ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ጥያቄውን ላላዩት፦ እህታችን የሙዚቃ ደራሲውን የሃንደልን የጣሊያንኛ ኦፔራ «ጁሊዮ ቼዛሬ» (ጁሊየስ ቄሣር ማለት ነው) አይታለች። እንግሊዝ አገር ግላይንድቦርን የሚባል ኦፔራ ቤት ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 የተቀረጸውን። ክሊዮፓትራን የተጫወተችው ያኔ ገና ወጣት የነበረችው ሶፕራኖ (ቀጭን ድምፅ ያላት ዘፋኝ) ዳንዬል ደ ኒስ ናት። ሃያሲያን ሙገሳ አዘነቡባት። እህታችን ደግሞ «ልጅቷ ትደንሳለች፣ ታምራለች፣ ግን ድምጿ ይህን ያህል ነው ወይ? ሃያሲ ሲያደንቅ እኔ ምኑን ልስማ?» ብላ ጠይቃለች።

እኔ ሃያሲ አይደለሁም። ጀርመን አገር አንድ ኦፔራ ቤት ውስጥ ማታ ማታ በር ላይ ቆሜ ትኬት አያለሁ፣ ሰው ቦታው ላይ አስቀምጣለሁ። በሩ ሲዘጋ ከኋላ ቆሜ አያለሁ። ስለዚህ አንዱኑ ሥራ ደጋግሜ እሰማዋለሁ። ሃያሲው ይህ ዕድል የለውም። የመክፈቻው ማታ ይመጣል፣ ይሰማል፣ ሌሊቱን ይጽፋል፣ አለቀ።

ወደ ልጅቷ ልምጣ። ድንገት ከሰማይ የወረደች አይደለችም። ሜልቦርን ተወልዳ አሜሪካ ነው ያደገችው። በ19 ዓመቷ ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ላይ በሞዛርት «የፊጋሮ ጋብቻ» ባርባሪናን ዘፍናለች። ሚናዋ ትንሽ ናት፣ ቤቱ ግን ትልቅ ነው። ከዚያ ፓሪስ ላይ በዊልያም ክሪስቲ መሪነት የፈረንሳዊውን የሙዚቃ ደራሲ የራሞን ሥራ ዘፈነች። ክሪስቲ የፈረንሳይን ባሮክ፣ ማለትም የ1600ዎቹንና የ1700ዎቹን ሙዚቃ፣ አቧራውን አራግፎ ወደ መድረክ ከመለሱት ሰዎች አንዱ ነው፤ ወጣት ድምፅ መርጦ ማሳደግ ያውቅበታል። ግላይንድቦርን ላይም ኦርኬስትራውን የመራው እሱ ነው። ለክሊዮፓትራ አስቀድማ የተያዘችው ሌላ ዘፋኝ ነበረች። እሷ ስትቀር ደ ኒስ በምትክ ገባች። ዕድሜዋ 26 ነበር።

አሁን ሚናውን እዪው። ክሊዮፓትራ ስምንት አሪያ፣ ማለትም ብቻዋን የምትዘፍነው ዘፈን፣ አላት። ወንድሟ ላይ ታሾፋለች፣ ገረድ መስላ ቄሣርን ታጠምዳለች፣ ትሰጋለች፣ ታለቅሳለች፣ መጨረሻ ላይ ትፈነጥዛለች። አንድ ሰው ስምንቱንም እኩል አይችላቸውም። ስለዚህ «ጎበዝ ናት ወይስ አይደለችም» ከማለት «የትኛው ላይ ጎበዝ ናት» ብለሽ ብትጠይቂ መልስ ታገኛለሽ።

አንቺን ግራ ያጋባሽ ዳንስ ሦስተኛው ገቢር ላይ ያለው «ዳ ቴምፔስቴ» የሚባለው አሪያ ነው። ማዕበል የሰበራት መርከብ በሰላም ወደብ ስትደርስ ሌላ ምን ትመኛለች ነው ነገሩ። አዘጋጁ ዴቪድ መክቪካር እዚህ ጋ የህንድ ፊልም የሚመስል ዳንስ አስገብቷል። ልጅቷ እየደነሰች ያን ሁሉ ፈጣን ዜማ ትዘፍናለች። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ብትሰሚው አንዳንዱ ሩጫ ላይ ኖታዎቹ ተለያይተው አይወጡም። ከእሷ የበለጠ አጥርተው የሚሄዱበት አሉ። ግን እስቲ ደረጃ ወጥተሽ ስታበቂ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሳትተነፍሺ ተናገሪ። የደነሰ ሰው ትንፋሽ ከደረቱ ላይ ይመጣል፣ ዘፈን ደግሞ ከሆድ ነው የሚፈልገው። እሷ ሁለቱን አስታርቃለች። ያደነቃት ሰው ይህንንም አይቶ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን «ፒያንጄሮ» ነው። እዚያው ሦስተኛው ገቢር ላይ፣ ከዳንሱ በፊት ታገኚዋለሽ። ክሊዮፓትራ በወንድሟ ተሸንፋ ታስራለች። የባሮክ አሪያ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት የተከፈለ ነው፦ አንደኛው ክፍል፣ መሃል ላይ ሌላ ስሜት ያለው ሁለተኛ ክፍል፣ ከዚያ አንደኛው ተመልሶ ይመጣል። እዚህ አንደኛው ክፍል ዝግ ያለ ነው። እስትንፋሴ እስካለ ዕጣዬን አለቅሳለሁ ትላለች። መሃሉ ላይ ሙዚቃው ድንገት ይጋልባል፦ ከሞትኩ በኋላ ግን መንፈሴ ያን ጨካኝ ሌት ተቀን ያስጨንቀዋል። ከዚያ ለቅሶው ይመለሳል።

ፈተናው ያ መመለሱ ላይ ነው። ኖታው ያው፣ ቃሉ ያው ነው። ዘፋኟ ግን ከራሷ ጨምራ መዝፈን አለባት፣ የዘመኑ ደንብ ነው። ጥሩ የትዝታ ዘፋኝ ያንኑ ስንኝ ሲመልሰው እንዴት እንደሚያስረቀርቀው አስቢ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር አንድ ከሆነ ሰውየው አልዘፈነም። ባሮክም እንዲሁ ነው። ብዙ ወጣቶች እዚህ ጋ ጌጥ ያበዛሉ፣ ለቅሶው ሰርግ ይሆናል። ደ ኒስ አታበዛም። ድምጿ ትልቅ አይደለም፣ ሲከሳም ይታወቃል። ቃሉን ግን አትውጥም። ጣሊያንኛ ባትሰሚም ሁለተኛው ለቅሶ ከመጀመሪያው ይልቅ የደከመ ሰው ለቅሶ መሆኑ ይገባሻል። ለእኔ ሙገሳው የሚገባት ለዚህ ነው።

የድምፁ መጠን ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ግላይንድቦርን ወደ 1,200 ሰው ነው የሚይዘው። የሚጫወተው ኦርኬስትራ የጥንት መሣሪያ የያዘ ነው፣ የቫዮሊኑ ክር ከአንጀት የተሠራ፣ ድምፁ ለስለስ ያለ። ዘፋኟ መጮህ አያስፈልጋትም። ሜትሮፖሊታን ግን ወደ 3,800 መቀመጫ አለው። ይኸው ዝግጅት በ2013 ወደዚያ ሲሄድ ክሊዮፓትራን የዘፈነችው ናታሊ ዴሴ ነበረች። ስለዚህ ሃያሲ «ድምጿ ትንሽ ነው» ሲል መጀመሪያ የት ቁጭ ብሎ ነው በይ።

ትችት ስታነቢ ደግሞ እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ጸሐፊው አሪያውን በስሙ ጠርቷል? ሲመለስ ምን እንዳደረገች፣ ትንፋሿን የት እንደወሰደች፣ ጣሊያንኛዋ እንዴት እንደሆነ ጽፏል? ከጻፈ ሰምቷል። «ኮከብ ተወለደች» ብቻ ካለ መድረኩን ነው ያየው። መድረኩን ማየቱ ጥፋት የለውም፣ ኦፔራ ቲያትርም ነው። ብቻ አንቺ ምኑን እያመንሽ እንደሆነ ይወቅሽ። ደ ኒስ በ2007 ከክሪስቲ ጋር የሃንደል አሪያዎችን በሲዲ ስታወጣ ያው ነገር መጣ፤ ዳንሱ በሌለበት አስተያየቱ እንደ መድረኩ አንድ አልሆነም።

እኛ ኦፔራ ቤት አንዴ አንዲት ገና የምትጀምር ሶፕራኖ የሃንደል ሥራ ላይ ነበረች። የመክፈቻው ማታ ዝግ ያለችውን አሪያ ስትዘፍን አንዱን ረጅም ሐረግ መሃል ላይ ቆርጣ ተነፈሰች። በማግስቱ ጋዜጣው «ትንፋሽ ያጥራታል» አለ። በኋላ፣ ፍርሃቱ ሲለቃት፣ ያችኑ ሐረግ በአንድ ትንፋሽ ወሰደቻት። መጨረሻው ላይ ድምጿን እያሳነሰች፣ እያሳነሰች። ሳል የያዛቸው አንድ ሽማግሌ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እስክትጨርስ ጠበቁ፤ ከዚያ ነው የሳሉት። ያንን ማታ የጻፈ የለም። ሙገሳም ነቀፌታም ያንድ ማታ ነገር ነው የምልሽ ለዚህ ነው። የወጣት ዘፋኝ ከሆነ ትርኢቱ በሌላ ዓመት ሲደገም የተጻፈውን ፈልጊ። ይህ የግላይንድቦርን ዝግጅት በ2006ም በ2009ም ተመልሷል፣ እሷም ተመልሳበታለች።

አንድ የሚያስቀኝ ነገር ልጨምርልሽና ላብቃ። የመጀመሪያዋን ክሊዮፓትራ ታውቂያለሽ? ለንደን፣ 1724፣ ፍራንቼስካ ኩዞኒ። እሷም ያኔ አዲስ መጤ ነበረች፣ ለንደን የታየችው ገና በ1723 ነው። በመጀመሪያ ሥራዋ ልምምድ ላይ አንዲት አሪያ ቀላል ሆናባት አልዘፍንም ስትል ሃንደል በመስኮት እወረውርሻለሁ ብሎ አስፈራራት ይባላል። ዘፈነቻት፣ ከተማው አበደ። ከላይ ከጋለሪው አንዱ «ይቺ ሴት ሆዷ ውስጥ የወፍ ጎጆ አለ!» ብሎ ጮኸ የሚል ወግም አለ። ያዩዋት ሰዎች ግን አጭርና ድብልብል፣ ፊቷ የተኮሳተረ፣ ትወና የማትችል፣ አለባበስ የማታውቅ ብለው ነው የጻፉላት። ቢሆንም በ1725 በሃንደል «ሮዴሊንዳ» የለበሰችው ቡናማ ሐር ቀሚስ የከተማው ወጣት ሴቶች ፋሽን ሆነ! እና ክሊዮፓትራ በድምፅ ብቻም ተጨብጭቦላታል። በኩዞኒ ዘመን ብትኖሪ ጥያቄሽ ተገልብጦ «ድምጿስ ጥሩ፣ ግን ትወናዋስ?» ይሆን ነበር።

ንጹሕ ድምፅ፣ ንጹሕ ፍጥነት ብቻ መስማት ካማረሽ የሩሲያዋን ሶፕራኖ ዩሊያ ሌዥኔቫን «አሌሉያ» የሚባል ሲዲ አድምጪ፣ በ2013 የወጣውን። ገና 23 ዓመቷ ነበር። እዚያ ላይ ኖታ አይደባለቅም። እኔ በበኩሌ ሩጫዋ ላይ አፌን ከፍቼ እቀራለሁ፣ ለቅሶ ሲሆን ግን ወደ ደ ኒስ እመለሳለሁ። ሌላው ተቃራኒውን ይልሻል፣ የሥራ ባልደረባዬ ለምሳሌ በዚህ ጉዳይ አያናግረኝም።

«ጁሊዮ ቼዛሬ» ከሦስት ሰዓት በላይ ነው፣ እንደገና ሙሉውን እዪ አልልሽም። ሦስተኛውን ገቢር ብቻ ክፈቺ፣ ሁለቱም አሪያ እዚያው ናቸው። «ፒያንጄሮ»ን አንዴ ስክሪኑን ዘግተሽ ስሚው። ከዚያ ዴሴ በ2013 የዘፈነችውን ፈልጊና የትኛዋ እንዳሸነፈችሽ እዚሁ ጻፊልን።