ወጣት ፖይንት ጋርድ በልምድ ይበስላል? ጥያቄና መልስ

የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ (ኤንቢኤ) ቡድን ፖርትላንድ በሜዳው ሲጫወት አዲስ አበባ ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ ነው። ሰሞኑን ሥራ ከመግባታችን በፊት እያየን፣ የቡድኑ ፖይንት ጋርድ (ኳስ ይዞ ጨዋታውን የሚመራው ተጫዋች) ስኩት ሄንደርሰን ሁለት ኳስ በተከታታይ ተነጠቀ። አንዱ ጓደኛችን «ይሄ ልጅ አበቃለት» አለ። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላለ ልጅ! ክርክሩ ስላላለቀ «በሉ ጠይቁኝ» አልኩ። የመጡት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ የፈረንጆቹ ናቸው።

በአጭሩ፣ ይሻሻላሉ ወይስ አይሻሻሉም?

አብዛኞቹ ይሻሻላሉ። እንዲያውም ልምድ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው እዚህ ቦታ ላይ ነው ባይ ነኝ። ሴንተር (ቅርጫቱ ሥር የሚጫወተው ረጅሙ ሰው) ቁመትና ጉልበት ካለው በመጀመሪያ ዓመቱም ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ) ይለቅማል። ፖይንት ጋርድ ግን የአራት ጓደኞቹንና የአምስት ተከላካዮችን ቦታ እያነበበ፣ ለማጥቃት የተፈቀደው 24 ሰከንድ ሳያልቅ መወሰን አለበት። ስቲቭ ናሽ በ1996 ኤንቢኤ ሲገባ የመጀመሪያ ዓመት አማካዩ በጨዋታ 3.3 ነጥብና 2.1 አሲስት (ነጥብ የሆነ ኳስ ማቀበል) ነበር። ኤምቪፒ (ምርጥ ተጫዋች) የሆነው በ2005 እና በ2006 ነው፤ 30ን ካለፈ በኋላ። ጆን ስቶክተንም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት በአብዛኛው ተቀያሪ ነበር። ጨዋታ ሲያቆም 15,806 አሲስት ነበረው። እስካሁን የደረሰበት የለም።

«ልምድ» ስትል ምኑ ነው የሚቀየረው? ፍጥነቱ ይጨምራል?

ፍጥነትማ አይጨምርም። የሚጨምረው መቆም መቻል ነው። ፒክ ኤንድ ሮልን እዩት። ሴንተሩ መጥቶ ግድግዳ ይሆንለታል። የ20 ዓመቱ ልጅ ግድግዳውን እንዳለፈ ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ቅርጫቱ ይሮጣል። እዚያ ረጅሙ ተከላካይ ይጠብቀዋል። ልጁ ለማን ላቀብል ብሎ የሚያስበው አየር ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ኳሷም ትጠለፋለች።

የ28 ዓመቱስ? ግድግዳውን አልፎ ቀዝቀዝ ይላል። ከኋላ የሚያሳድደውን ተከላካይ ጀርባው ላይ ያስቀምጠዋል፣ በመቀመጫው ይዘጋበታል። አሁን ከፊቱ ያለው ረጅሙ ሰውዬ ብቻ ነው። ሰውዬው ወደ እሱ ከመጣ ኳሷ ለሴንተሩ ትሄዳለች። ወደ ኋላ ከሸሸ ከአራት ሜትር ይተኩሳል። ጥግ ላይ ያለው ተከላካይ አንድ እርምጃ ወደ መሃል ከገባ፣ ኳሷ ጥግ ላይ ለቆመው ጓደኛው ደርሳለች። ክሪስ ፖል ስንት ዓመት የኖረው በዚህች ጨዋታ ነው። ጄለን ብራንሰንም ቁመቱ 1 ሜትር ከ88 ነው፣ ዘሎ የሚያስደነግጥ ዓይነትም አይደለም። በ2018 ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ድራፍት በ33ኛነት ተመርጦ በመጀመሪያ ዓመቱ 9.3 ነጥብ አማካይ ነበረው። በ2023–24 ቁጥሩ 28.7 ደረሰ።

ኳስ መነጠቁስ በዕድሜ ይቀንሳል?

ሁልጊዜ አይደለም። ኬድ ከኒንግሃም በመጀመሪያ ዓመቱ በጨዋታ 3.7 ኳስ ያስነጥቅ ነበር። በ2024–25 ደግሞ 4.4። ባሰበት! ግን በዚያው ዓመት ኦል ስታር (ለከዋክብቱ ጨዋታ የተመረጠ) ሆነ፣ ቡድኑ ዲትሮይትም ከ14 ድል ወደ 44 ዘለለ። ኳሷ ቀኑን ሙሉ እጁ ላይ ያለች ሰው መነጠቁ አይቀርም። እኔ ቁጥሩን ሳይሆን ዓይነቱን ነው የማየው። ጥሩ ነገር አይቶ ለማቀበል ሲል የተሳሳተ ልጅ ተስፋ አለው። አንገቱን ደፍቶ ሦስት ሰው መሃል የሚገባው ግን ያሳስበኛል።

ሳይሻሻል የቀረስ የለም?

ሞልቷል። ማይክል ካርተር ዊሊያምስን አስታውሱ። በጥቅምት 2013 የመጀመሪያ ጨዋታውን ከሻምፒዮኑ ማያሚ ጋር አድርጎ 22 ነጥብ፣ 12 አሲስት፣ 7 ሪባውንድና 9 ስቲል (የነጠቀው ኳስ) አስመዘገበ። የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋችም ተባለ። ችግሩ ከሦስት ነጥብ መስመር 26 በመቶ ብቻ ነበር የሚያስገባው። ተከላካዮቹ ይህን ሲያውቁ ርቀው ቆሙና መንገዱን ዘጉበት። ጉዳቱም ተጨመረበት፣ ከቡድን ቡድን ሲዞር ቀረ። እኔ መጀመሪያ የማየው ፍሪ ትሮው (የቅጣት ምት) ነው። ማንም ሳይነካው ከ10 ኳስ 7 ብቻ የሚያስገባ ልጅ ከሩቅ መተኮስ መማሩ ከባድ ነው።

ጄሰን ኪድስ? እሱም ሲጀምር እንደዚያው ነበር እኮ!

እዚህ ላይ ያዝከኝ። ከስሙ ላይ «ጄ»ን (የእንግሊዝኛውን J) ቆርጠው «ኤሰን» እያሉ ይቀልዱበት ነበር፤ በዚያው J የሚጀምረው ጃምፕ ሾት (ዘሎ መተኮስ) የለውም ለማለት። በመጀመሪያ ዓመቱ ከሦስት ነጥብ 27 በመቶ ነበር። በ2009–10 ግን 42.5 በመቶ! በ2011 ከዳላስ ጋር ዋንጫ ሲያነሳ 38 ዓመቱ ነበር። ግን ቁጠሩት፣ ይህ ለውጥ 15 ዓመት ፈጅቷል። ኪድ እስከዚያ ድረስ ሜዳ ላይ የቆየው በማቀበሉና በመከላከሉ ነው። ሌላው ልጅ ያን ያህል የሚታገሠው የለም።

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ 14 ዓመቱ ነው፣ ፖይንት ጋርድ ይጫወታል። ኳስ በተነጠቀ ቁጥር አሰልጣኙ ያስወጣዋል። ምን ላድርግ?

እህቴ፣ እንደዚህ የሚወጣ ልጅ የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኳሷን ቶሎ ለሌላ ሰጥቶ መገላገል። ትልልቆቹም ላይ ይደርሳል። ቻንሲ ቢለፕስ በ1997 በ3ኛነት ተመርጦ ቦስተን የመጀመሪያ ዓመቱን እንኳ ሳያስጨርሰው ሸኘው። በአምስት ዓመት አራት ማሊያ ለበሰ። ዲትሮይት ቡድኑን ካስረከበው በኋላ ግን በ2004 የፍጻሜው ኤምቪፒ ሆነ። አሰልጣኙን በትህትና አነጋግሪው። ከጨዋታ ስትመለሱ ደግሞ መኪና ውስጥ «ለምን ተነጠቅክ?» አትበይው። «ያኔ ማን ነፃ ነበር?» በይው። መጀመሪያ ላይ አላውቅም ይልሻል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሳትጠይቂው ይነግርሻል።

በስኩት ትወራረዳለህ?

በቡና እወራረዳለሁ። በመጀመሪያ ዓመቱ ከሦስት ነጥብ 32 በመቶ ነበር፣ በሁለተኛው ወደ 35 ከፍ ብሏል። 25 ዓመት እስኪሞላው ስጡኝ። «አበቃለት» ያለው ጓደኛችን ከተሸነፈ ቡናው ከነፈንዲሻው ነው፤ ተስማምቷል።