ድራኩላ ለምን አይናገርም? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣውን «ድራኩላ፦ የጨለማው ልዑል» አየሁት። የፊልሙ እኩሌታ እስኪደርስ ደም መጣጩ ድራኩላ የለም፤ ከመጣም በኋላ አንዲት ቃል አይወጣውም። የእኔ ቅጂ ድምፁ ተበላሽቶ ይሆን? ደግሞ መነኩሴ ጠመንጃ አንግቶ መዞሩ ምን የሚሉት ነው?
(አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ቅጂዎ ደህና ነው። ድራኩላን የሚጫወተው ክሪስቶፈር ሊ በዚህ ፊልም እንደ እባብ ከማፏጨት በቀር ምንም አይናገርም። ሊ «የተጻፈልኝ ቃል ስላስጠላኝ አልናገርም አልኩ» ሲል ኖሯል፤ የፊልሙ ጸሐፊ ጂሚ ሳንግስተር ደግሞ ከመጀመሪያውም ቃል አልጻፍኩለትም ይል ነበር። የማንኛቸውም እውነት ይሁን፣ ዝምታው ሊን ከሰውነት አውጥቶ አውሬ ስላደረገው መልኩ ይበልጥ ያስፈራል። በዚያው ልክ ደግሞ ጎድቶታል፦ በ1958ቱ የዚህ ተከታታይ የመጀመሪያ ፊልም እንግዳ በትሕትና ተቀብሎ የሚያነጋግረው መስፍን እዚህ ላይ አሳዳጅ ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

የመጀመሪያው እኩሌታ ድራኩላ ስለሌለበት አሰልቺ ነው ብለው ከሆነ ግን አንስማማም። ዳይሬክተሩ ቴረንስ ፊሸር ፍርሃቱን የሚያጠራቅመው እዚያ ነው። ሁለት ወንድማማቾችና ሚስቶቻቸው በጉዞ ላይ ሳሉ ነጂ የሌለው ሠረገላ ይመጣል፤ ባዶ በሚመስለው ግንብ ውስጥ ለአራት ሰው ማዕድ ቀርቧል፤ የእንግዶቹ ሻንጣ ቀድሞ መኝታ ክፍል ገብቷል። ከዚያ የድራኩላ አሽከር ክሎቭ ታላቁን ወንድም ወግቶ ይገድልና ከሬሳ ሣጥኑ በላይ ቁልቁል ይሰቅለዋል፤ ጉሮሮውን ሲቆርጠው ደሙ ሣጥኑ ውስጥ ባለው የድራኩላ አመድ ላይ ይፈስሳል። ትዕይንቱ አይጣደፍም፤ አመዱ ቀስ በቀስ አካል ሲሆን ያሳየናል። የሟቹን ሚስት ሄለንን የምትጫወተው ባርባራ ሼሊም ከሁሉም ትበልጣለች። «ከዚህ ቤት እንውጣ» ስትል የነበረችው ቁጥብ ሴት፣ ከተነከሰች በኋላ ፀጉሯን ለቃ ስትመጣ ሌላ ሰው ናት። የተረፉት መንገደኞች በተጠጉበት ገዳም መነኮሳቱ ጠረጴዛ ላይ ጨምድደው ይዘው ልቧ ላይ እንጨት ሲተክሉባት ከሚታየው ጭካኔ የሚስተካከል ትዕይንት በፊልሙ የለም።

ፊልሙ ድክመትም አለው። ድራኩላ ገዳሙ ውስጥ እንዲገባ የሚረዳው ሉድቪግ የሚባለው እብድ ቀድሞ ስላልተዋወቀን፣ ጸሐፊው መውጫ ሲያጣ ያመጣው ይመስላል። መንገደኞቹም ወደ ግንቡ እንዳይሄዱ በግልጽ ተነግሯቸው ሳለ መሄዳቸው አያሳምንም።

ጠመንጃ ያነገቱት መነኩሴ አባ ሳንዶር ግን ከፊልሙ ጥንካሬዎች አንዱ ናቸው። የእኛ አገር ተመልካች ጠመንጃውን ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ሰውየው ገና ሲመጡ የሞተች ልጅ አስከሬን ላይ እንጨት ሊተክሉ የነበሩትን መንደርተኞች የሚያስቆሙ፣ ከአጉል ፍርሃት ጋር የሚጣሉ ቆራጥ አባት ናቸው። አንድሩ ኪር ሲጫወታቸው በ1958ቱ ፊልም የድራኩላን አሳዳጅ ቫን ሄልሲንግን የተጫወተውን የፒተር ኩሺንግን አለመኖር ያስረሳል ማለት ይቻላል። ጠመንጃውም መጨረሻ ላይ ሥራ አለው፦ ድራኩላ በረዶ ላይ ቆሞ ሳለ በረዶው በጥይት ይሰበርና የሚፈስሰው ውኃ ይውጠዋል። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ በረዶው ግን ሰው ሠራሽ መሆኑ ያስታውቃል።

ጥያቄ፦ ይህንኑ ፊልም በፕሮጀክተር ነጭ አንሶላ ላይ ስናሳይ የሰዎቹ ፊት ወደ ታች ረዘመ። መጀመሪያ ላይ ደግሞ ምስሉ ጠቦ ዙሪያው ጭስ ነው። ምን እናድርግ?
(የወጣቶች ፊልም ቡድን፣ ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ፊልሙ የተነሣው ቴክኒስኮፕ በሚባል ሰፊ ምስል በሚሰጥ የቀረጻ ዘዴ ነው፤ ወርዱ የቁመቱን 2.35 እጥፍ ያህላል። አንሶላችሁ 3 ሜትር ወርድ ካለው፣ ምስሉ ወደ 1 ሜትር ከ28 ሳንቲ ሜትር ቁመት ብቻ ሊኖረው ይገባል፤ ከላይና ከታች ጥቁር ይቀራል። ፕሮጀክተራችሁ 16፡9 ከሆነ፣ ያን ጥቁር ለመሙላት ስትዘረጉት ቁመቱ ወደ 1 ሜትር ከ69 ይደርስና ፊት ይረዝማል። በኮምፒውተር ቪኤልሲ የተባለውን የፊልም ማጫወቻ የምትጠቀሙ ከሆነ የምስሉን ምጣኔ (የወርዱንና የቁመቱን ንጽጽር) ወደ መጀመሪያው ነባሪ (Default) መልሱት፤ ካልተስተካከለ የፕሮጀክተሩን የምስል ምጣኔ ከሜኑው ፈትሹ። ጥቁሩን ለማጥፋት ብላችሁ ምስሉን አታጉሉት፤ ጎንና ጎኑ ይቆረጥና ከማዕዱ ዙሪያ ካሉት አራት ሰዎች ዳር ዳሩ ያሉት ይጠፋሉ።

የመጀመሪያው ጭስ ጉድለት አይደለም። መግቢያው ከ1958ቱ ፊልም መጨረሻ የተወሰደ ነው፤ ያ ፊልም በወርዱ ጠባብ ስለነበር ባዶውን ቦታ በጭስ ሸፍነውታል። ስለዚህ ምጣኔውን የምታስተካክሉት ጭሱ ካለፈ በኋላ ባለው ምስል ነው። የግንቡ ውስጥ ትዕይንቶች ጨለማ ስለሆኑ ፀሐይ ሳትጠልቅ አትጀምሩ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያውን ሳላይ ይህን ባይ ይገባኛል?
(አንባቢ፣ ከቡሬ)

መልስ፦ ይገባዎታል፤ ድራኩላ እንዴት አመድ እንደሆነ መግቢያው ያሳይዎታል። ይሁንና የ1958ቱ 82 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ቢያስቀድሙት ይሻላል። በመካከል በ1960 የወጣው «የድራኩላ ሙሽሮች» ውስጥ ግን ስሙ እንጂ ድራኩላ ራሱ የለም።